የእህቴ ባል ስለ እግሬ የተናገረው

ከወሎ ጂዳ ድረስ የሄድኩት እግሬን ለመታከም ነበር። ጉልበቴ አጠገብ ነርቭ ተጨፍልቆ ጣቶቼ በድን ሆነዋል፤ ጫማዬ ወልቆ መንገድ ላይ ሲቀር እንኳ አይታወቀኝም። የአገሬ ሐኪም በቶሎ ካልተከፈተ እንደዚሁ ይቀራል ብሎኛል።

መካ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ባል ሊያስተረጉምልኝ ጂዳ ሐኪም ቤት አብሮኝ ገባ። ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲለኝ፣ ጣቶቼን ማንሳት እንዳቃተኝ፣ ስሄድ እግሬ እንደሚጎተት አንድ በአንድ ተናገርኩ። የእህቴ ባል ግን ለሐኪሙ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለው። ሐኪሙም ፈገግ ብሎ ኪኒን አዘዘልኝ።

«ያን ሁሉ ያወራሁት የት ገባ?» አልኩት የእህቴን ባል።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ሰው ፊት ማማረር ዐይብ ነው፣ ነውር። አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። የማያውቀው ሐኪሙ ነው።»

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ፣ ይሄ ሰው መናገርም የማልችል ይመስለዋል። እግሬን አንስቼ ሐኪሙ ፊት ዘረጋሁ። ሸበጤ ወደቀ፤ እግሬም እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ሐኪሙ ፈገግታውን ትቶ ጣቴን በመርፌ ወጋኝ። እኔ ምንም ሳያመኝ ፊቱን ማየቴን ቀጠልኩ። ቀዶ ጥገና የተወሰነልኝ ያኔ ነው።

ከተከፈትኩ በኋላ መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ተኝቼ ሳለ ዐረብ ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡ። እንዴት ነህ አሉኝ።

«ጣቴን ያመኛል» አልኩት የእህቴን ባል። «ንገራቸው፣ ያመኛል በላቸው።»

በድን የነበረ ጣት አመመኝ፤ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረኝም። የእህቴ ባል ወደ እንግዶቹ ዞሮ ያችኑ «አልሐምዱሊላህ» አለ። በዚያች ቀን እንኳ ቃሏ ልክ ነበረች፤ እሱ ግን ያላት ያማረርኩ መስሎት ሊሸፍንልኝ ነው።