ሳይጠራ የመጣ ውሃ

ሄስተር ስኩዊብን አገር የሚያውቃት ቧንቧ የምትጠላ አሮጊት ሆና ነው። እኔ የሃክስኮም መንደር ብረት ቀጥቃጭ ነኝ፤ የመንደሩ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ የምጠግነውም እኔው ነኝ። ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ በዚህ በእንግሊዙ ዶርሴት ምድር እንደ ሄስተር ቧንቧ የተመኘ ሰው አልተፈጠረም።

ፓምፑ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው። የእሷ ቤት ደግሞ አቀበቱ አናት ላይ። ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ሁለት ባልዲ አንጠልጥላ ስትወርድና ስትወጣ ኖራለች። ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ እመንገድ ላይ ቆም እያለች ፊቷን ታጨማድዳለች። ይህን ፊት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ዝነኛ ሆኗል።

ባሏ አምብሮስ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ነበር። ማታ ሲመለስ ዱቄት ላይ ተንከባሎ የመጣ ይመስላል። የሚታጠበው ምድጃው ፊት በምትቀመጥ የቆርቆሮ ገንዳ ነው። እሱ ሎጋ፣ ገንዳዋ ድንክ፤ ጉልበቱ አገጩን እየነካ መጀመሪያ ከወገቡ በላይ፣ ቀጥሎ ከወገቡ በታች፣ በየተራ ይታጠባል። ወጣት ወታደር ሳለ ቆስሎ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ነርሶቹ አንድ ትልቅ ገንዳ ውስጥ አስተኝተውት ነበር። ሌላው ወንድ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ስለ ሴት ሲያወራ አምብሮስ የሚያወራው ስለዚያ ገንዳ ነው። "እስከዚህ ድረስ" ይላል፣ አገጩን በጣቱ እየነካ። ጨዋታው ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃል።

የድንጋዩ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ገባና ከሥራ አስቀረው። ሐኪሙ ሄስተርን ለብቻዋ ጠርቶ የዘንድሮን ገና ያያል፣ የከርሞውን ግን እንጃ አላት። ሄስተር አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ሄደች። ከዚያ በኋላ ስብሰባ በተባለ ቁጥር ከፊት ወንበር እየተቀመጠች ስለ ቧንቧ ነዘነዘቻቸው፤ ሊቀ መንበሩ ሻለቃ ትሪንግ ኮፍያዋን ከሩቅ ሲያይ መንገድ መቀየር ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ታከታቸውና ከመኸሩ በኋላ ቁፋሮ እንዲጀመር ወሰኑ። የዚያን ዕለት ወደ ቀጥቃጭ ቤቴ ጎራ ብላ አገጯን በጣቷ ነክታልኝ ሄደች።

መኸሩ ሳይገባ ፊልም ሠሪዎቹ መጡ።

ፊልሙ የሚያስቅ ነው ይላሉ። አንድ የለንደን መሐንዲስ ለአንድ ኋላ ቀር መንደር ቧንቧ ሊዘረጋ ይመጣል። መንደርተኛው በአያቶቻችን ፓምፕ ቀልድ የለም ብሎ ያምጻል። ቧንቧዎቹን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይደብቃሉ፤ ለናሙና ያመጣላቸውን ነጭ የመታጠቢያ ገንዳ የላም መጠጫ ያደርጉታል፤ ራሱን መሐንዲሱን ዳክዬ ኩሬ ውስጥ ይወረውሩታል። በመጨረሻ እሱም ከፓምፑ ይጠጣና ልቡ ይመለሳል፣ የመንደሩንም ልጅ ያገባል። እኛ የተመረጥነው ቧንቧ ስለሌለን ነው። ካሜራው ውስጥ ቦይ እንዳይገባበት ምክር ቤቱ ቁፋሮውን ለጥቂት ጊዜ አቆየላቸው።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ላቲመር በዚያ ሙቀት የሐር ሻሽ አንገቱ ላይ የሚጠመጥም፣ ሰውን ሁሉ "ውዴ" የሚል ሰው ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ ውዴ የተባልኩት ያኔ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ሄስተር ባልዲዎቿን ይዛ፣ ፊቷን አጨማድዳ አቀበቱን ስትወጣ አየና ባለበት ቀረ። እንዲህ ያለ ግትር ፊት ለንደን ውስጥ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም አለኝ። ዳሌዋን አሟት ነው ብዬ ነገርኩት። አልሰማኝም።

ፓምፑ አጠገብ አቆማት፤ ወደ መሐንዲሱ ዞረሽ ይህችን ትያለሽ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናት። ሴትዮዋ ፓምፗን የምትወድ ናት ሲል አስረዳት። ሄስተር ፓምፑን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይህን ካልኩ ቶሎ ትሄዳላችሁ?" አለችው።

"በማግስቱ፣ ውዴ።"

ዞር አለችና ተናገረች። "ሳልጠራው ቤቴ የሚገባ ውሃ ጎርፍ ይባላል።" የመዘግየቱ ንዴት ሁሉ እዚያ ላይ ነበር፤ መሐንዲስ ሆኖ የሚተውነው ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ላቲመር እንባ ቀረሽ ሆኖ እጇን ሳማት። ሄስተርም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ባልዲዋን አነሳች።

እነሱ ሲሄዱ መሬቱ በውርጭ ደረቀና ምክር ቤቱ ቁፋሮውን ለጸደይ አለው። ሐኪሙ ያያል ያለው ገና አለፈ። ፊልሙ ከተማ ደርሶ ሲታይ መንደሩ ሁሉ በአውቶቡስ ሄደ። የሄስተር ፊት ሸራውን ሞልቶ ያችን ነገር ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አምብሮስ እስኪያንቀው ሳቀ፤ ደግፈን አወጣነው። አውቶቡስ ስንጠብቅ ትንፋሹ መለስ አለለትና ሚስቱን አያት።

"ጥሩ አድርገሽዋል" አላት። "ውሃው ግን መቼ ነው?"

ከዚያ ጎብኚ ጎረፈ። ፓምፑን እየታከኩ ፎቶ ይነሳሉ፣ እጀታውን እየተሻሙ ይገፋሉ፣ ሄስተርን መንገድ ላይ አስቁመው ያችን በይልን ይሏታል። ባልዲውን ያዝኩልሽ ያላት ግን አንድም የለም። የጸደዩ ስብሰባ ሲደርስ ከከተማ የቅርስ ወዳጆች ነን የሚሉ ባለ ባርኔጣ ወይዛዝርት መጥተው አዳራሹን ሞሉት። ፓምፑ የአገር ሀብት ነው፣ ቧንቧ የመንደሩን ነፍስ ይገድላል እያሉ ተናገሩ። እያንዳንዳቸው ቤት ስንት ቧንቧ እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። ሄስተር እጇን አውጥታ ተነሳች።

"እኔ ቧንቧ እፈልጋለሁ" አለች። "ባሌ ታሟል። መሸከምም አቅቶኛል።"

ከዚያ አንዷ ባለ ባርኔጣ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ሻለቃ ትሪንግ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ "ግሩም ነው፣ ሚስስ ስኩዊብ" አላት። "እስቲ አሁን ደግሞ ያችኛዋን ይበሉልን።"

ተነስቼ ሴትዮዋ የምሯን ነው አልኩ። ይሄኔማ ባሰባቸው፤ ፊልሙ ላይ የመሐንዲሱን እግር ይዤ ኩሬ ውስጥ የወረወርኩት እኔ ነኝና። ምክር ቤቱ የሕዝቡን ፍላጎት በማክበር የቧንቧውን ነገር ላልተወሰነ ጊዜ አስተላለፈው። ሄስተር ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እንደዚያ ስትሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለመነሳት የእኔ ክንድ አስፈለጋት።

በጋው ደረቅ ነበር። ጎብኚው ሲገፋ ሲገፋ የጉድጓዱ ውሃ ወረደና ፓምፑ አየር መትፋት ጀመረ። ከሩቅ አገር መጥቶ ጠብታ ያላገኘ ጎብኚ አቤቱታውን ለሻለቃው አሰማ። ለእኛ ስንት ዘመን ያልተንቀሳቀሰ ምክር ቤት ያኔ እሳት ላሰ። ጎብኚ በማይመጣበት ሰሞን ሠራተኞች ተላኩ፤ ከአቀበቱ ጀርባ በዋናው መንገድ ከሚያልፈው የውሃ መስመር ቀጭን ቧንቧ ሳቡ፣ መሬት ውስጥ ቀበሩት፣ ቁልቁል አውርደው ከፓምፑ ሆድ ጋር አገናኙት። ማገናኘቱ የእኔ ሥራ ነበር። ሻለቃው ራሱ መጥቶ ለጎብኚዎቹ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። እነሆ ሃክስኮም ቧንቧ ገባላት፤ የገባው ግን ለፓምፑ ነው። ሄስተርም የቧንቧውን ውሃ ከፓምፑ እየቀዳች፣ ቧንቧው በመጣበት መንገድ ሽቅብ ትሸከመው ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ ቀጥቃጭ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

"ጄትሮ፣ ያ ቧንቧ በደጃፌ ነው የሚያልፈው አይደል?"

"በደጃፍሽ ነው።"

"ከደረጃዬ ምን ያህል ይርቃል?"

"አንድ ክንድ አይሞላም" አልኳት።

ባልዲዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ሳልጠራው እንዳይገባ ብዬ ነበር" አለች። "እየጠራሁት ነው።"

ሕጉን አውቃለሁ። አካፋዬንም አውቃለሁ፤ ቆፍሬ ከቧንቧው ቀጠልኩና ቤቷ አስገባሁላት። ፊልም ሠሪዎቹ ጥለውት የሄዱት ነጭ ገንዳ የአንዱ ገበሬ በጎች እየጠጡበት ነበር፤ ሰውየው ለምን እንደፈለግነው እንኳ ሳይጠይቅ ከፊት በኩል ይዞ አብሮኝ ተሸከመ። በሩ አላስገባ ስላለው መስኮቱን ነቅለን መልሰን ተከልነው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ እሁድ ከሰዓት የፓምፑ የነሐስ ሰሌዳ ተመረቀ። የሄስተር ንግግር በትልልቅ ፊደል ተቀርጾበታል። ላቲመር ከነሻሹ መጣ፣ ሻለቃውም ንግግር አደረገ፣ ባለ ባርኔጣዎቹ ብርጭቆ ይዘው ተሰለፉ። የክብር እንግዳዋ ግን የለችም፤ ባሏን አሞት ቀረች ተባለ። ላቲመር እጀታውን ገፋ። ፓምፑ አቃሰተ። ደግሞ ገፋ። ምንም የለም። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። የእኛ ሰዎች ግን የሚያዩት ሌላ ነበር፤ አቀበቱ አናት ላይ የሄስተር ጭስ ማውጫ እንደ ባቡር ያጨሳል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ያረጀ ፓምፕ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል፣ ወጣ ብዬ ልመልከት አልኩና ሽቅብ ሄድኩ።

አምብሮስ ውሃው ውስጥ ነበር፤ እስከ አገጩ። ዓይኑን ጨፍኗል። ያ ረጅም ሰውዬ ጉልበቱ እንኳ አይታይም። ሳሉም ለጊዜው ትቶታል። ሄስተር አጠገቡ ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች፣ ምንም አትሠራም። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

"ማነው?" አለ አምብሮስ።

"ጄትሮ ነኝ። ታች ሻለቃውም፣ ያ ውዴ ባዩም፣ ሌላውም ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ምን?"

"ውሃ።"

ዓይኑን አልገለጠም። "እዚህ አለ በላቸው" አለ። "ባልዲ ይዘው ይምጡ።"

ሄስተር እጇን ገንዳው ውስጥ ነክራ ውሃው እየበረደ መሆኑን አየች። ተነስታ ድስቱን ቧንቧው ሥር ደቀነችና ከፈተችው፤ ቧንቧው ቀጭን ነው፣ እሷ ስትከፍት ለታች አይተርፍም። ከታች የፓምፑ እጀታ ሲንቋቋ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር ከሰዓት ላይ ፓምፑ ይታመም ነበር። ምክር ቤቱ ምክንያቱን እንዳጣራ ደጋግሞ አዘዘኝ፤ አጣራሁ፣ አላገኘሁትም። ለገና ጥቂት ሲቀረው አምብሮስን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ፓምፑ እሁድ ታሞ አያውቅም።