ተሳቢው ብቻውን የተነሳ ቀን

«ተነሳ! ለእናትሽ ተነሳ በያት! ተሳቢው ብቻውን ተነሳ!»

አባቴ ነው፣ በዱካኑ፣ በሰፈራችን ሱቅ ስልክ። እዚህ ሱዳን፣ ዴም ሰፈር ውስጥ በእኛ መንገድ ስልክ ያለው ባለዱካኑ ብቻ ስለሆነ፣ ስልክ ሲመጣ ስማችንን ጮክ ብሎ የሚጠራን እሱ ነው። እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። እየጮህኩ ወደ ቤት ስሮጥ አንድ ባለሦስት እግር ረክሻ ለትንሽ ሳተኝ፤ የሹፌሩ ስድብ እንኳ እንደ ምርቃት ነው የተሰማኝ።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ባለ የአትክልት እርሻ ላይ መካኒክም ሹፌርም ነው። «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ ይሉታል። ትራክተሯ ትንሽ ናት፤ ሃይድሮሊኳ ማረሻ ከማንሳት ሌላ ሥራ አያውቅም። ፍግ የሚጭነው ተሳቢ የሚገለበጠው በእጅ ፓምፕ ነበር። አባቴ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ ጎረቤታችን ጋሼ ከጎን ቆሞ የፓምፑን ብረት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ተሳቢውም እያቃሰተ ይነሳል። የጋሼ ሥራ ይኸው ነው። እሱና ሚስቱ እትዬ ከወሎ መጥተው ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩት በዚያች ብረት ነበር።

አንድ ቀን የእርሻው ባለቤት፣ ሙዲሩ፣ አባቴን «ሌላው እርሻ ላይ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ነው የሚገለብጠው» አለው። አባቴ ትርጉሙ ወዲያው ገባው። «ካልሠራሁለት የሚሠራለት ያመጣል» አላት እናቴን።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ኦምዱርማን፣ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ገበያ መዋል ሆነ። የሃይድሮሊኩን ዘይት ከማረሻው ወደ ተሳቢው የሚመልሰውን ቫልቭ ከተሰባበረ ሎደር ሥር ያየሁት እኔ ነኝ። «አባዬ ያውልህ!» ብዬ ስጮህ ሻጩ ደስታዬን አይቶ ዋጋውን ከፍ አደረገብን። አባቴ ቫልቩን በናፍጣ አጥቦ ከወንበሩ አጠገብ አሰረው፤ እጀታ ሲያጣ የድሮ ብረት አልጋችንን እግር ቆርጦ በየደው። ቱቦውን የሚይዝለት ደግሞ ጋሼ ነበር! ተሳቢው የት ጋ እንደሚከብድ፣ የት ጋ እንደሚንገዳገድ ከጋሼ ክንድ በላይ የሚያውቅ የለማ። መጀመሪያ ሲሞክሩት ቱቦው ተፈናጥሮ ጋሼን በዘይት አጠበው።

«ኡስታ፣ ወላሂ ልትጠብሰኝ ነው እንዴ?» አለ ፊቱን እየጠረገ። ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። ያ ቱቦ በደንብ የተያዘ ዕለት የጋሼ ሥራ እንደሚያልቅ እኔም አውቃለሁ፣ አባቴም ያውቃል፣ ጋሼም ያውቃል። 

ተነሳ የተባለ ቀን አባቴ ገና ከበር ሲገባ እናቴ ዶሮ አሳረደችው። ወጡ እንደደረሰ በሳህን ጨልፌ ለነጋሼ ይዤ በረርኩ። እትዬ ከፍታ አየችው፣ መልሳ ከደነችው።

«ልጄ፣ ዶሮውን ማን ነው ያረደው?»

«አባዬ…» አልኩና ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም፤ ተወልጄ እስካድግ በዚያ በር ሥጋ ይዤ ገብቼ አላውቅም።

«ተያት፣ ደስታ አሳውሯት ነው» አለ ጋሼ እግሩን እየታጠበ። «እኔስ ብሆን ተሳቢው ቀጥ ሲል አጨብጭቤ የለ?»

«ጋሼ፣ ነገስ?»

«ነገማ ሙዲሩ ኸላስ፣ በቃ ብሎኛል። የማይርበው እጅ አገኘ፣ እኔን ምን ያደርገኛል?» ብሎ ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም።

ሳህኑን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ በዘይት የጠቆረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወጡን ያያል እንጂ አይበላም። እናቴ «ብላ እንጂ» ትለዋለች። ማን ይብላ?

በሚቀጥለው አርብ አባቴ እርሻው ወሰደኝና እጀታዋን አስያዘኝ። በአንድ ጣቴ ገፋኋት። ያ ሁሉ ፍግ፣ ጋሼ ጀርባው እስኪርስ የሚታገለው፣ ሽቅብ ወጣ። ደስ አለኝ፤ አዎ፣ በጣም ደስ አለኝ። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። እቤት ስገባ ጋሼ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስላየሁት፣ ሰላም ሳልለው አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

«ቢንቲ! ልጄ፣ ነይ እስቲ» ብሎ ጠራኝ። «ምን አደረግኩሽና ትሸሺኛለሽ? በፊታችን አርብ ካራማ አወጣለሁ።» ካራማ ሱዳኖች ለምስጋና የሚያወጡት ድግስ ነው።

«ሥራ የፈታ ሰው ካራማ!» አለች እትዬ ከውስጥ።

«ሥራ ያለውማ መች ጊዜ አለው? ያ ቱቦ ዓይኔን ሳያጠፋው በመቅረቱ አላህን ላመስግን እንጂ። ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ ወሬ ያወራል፤ ከወሬው መሀል ለእኔ የሚሆን ሥራ አይጠፋም ኢንሻአላህ።» ወደኔ ዞረ። «አንቺ መጻፍ ትወጃለሽ አይደል? ንገሪልኝ። ይምጡ።»

እነሆ እየነገርኳችሁ ነው። አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የዴምም፣ የሳሃፋም ሰፈር ሰዎች፣ ከድልድዩ ማዶ ያላችሁም ኑ። ድስቱ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑን አባቴ ያርዳል። ዘበኛ የሚፈልግ ግቢ፣ ጭነት የሚያወርድ ሰው ያጣ መጋዘን የሰማችሁ ካላችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ብትመጡም ጋሼ ቅር አይለውም፤ ከጎኑ ተቀመጡና ንገሩት። ከጎኑ ቦታ የምይዝላችሁ እኔ ነኝ።