የጎበጡት ክንፎች

እጄ አያርፍም። የሰው እስክሪብቶ ሳይቀር ፈታትቼ እገጥማለሁ። ባለቤቴ «አንተን ሲፈጥርህ ቸኩሎ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች። ደምበጫ ፊዚክስ ሳስተምር ግን ይህ ጠባዬ የጠቀመኝ ይመስለኝ ነበር። ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስገልበጥ ሲሰለቸኝ «ሰፈራችሁን ያስቸገረ ነገር ፈልጉና መላውን ሠርታችሁ አምጡ» ማለት ጀመርሁ።

ከዘጠነኛ ክፍል አንዲት ልጅ ጤፉን ከእብቁ በንፋስ የሚለይ ማዝሪያ ሠርታ መጣች። በታኅሣሥ ንፋስ ጠፍቶ አባቷ መንሻቸውን ይዘው አውድማ ላይ ሦስት ቀን ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከርመዋል። እሷም በአሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጠቻቸውን ስድስት ክንፎች ገጥማ፣ በእጅ የሚዞር መዘውር አበጀችለት። ክፍል ውስጥ ስታዞረው እብቁ በንኖ ጤፉ ብቻውን ጥርት ብሎ ቀረ። ተማሪው አጨበጨበ። ሲያዩት ግን አያምርም! ክንፎቹ ጫፍ ጫፋቸው ጎብጧል፣ በመዶሻ ተደብድበዋል።

ደብረ ማርቆስ ለሚደረገው የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ተመረጠች። እዚያ ያለፈ ባሕር ዳር ይሄዳል። ልጅቱ ከደምበጫ ወጥታ አታውቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ ወሬዋ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ሆነ።

በዋዜማው ማዝሪያው ቤተ ሙከራ ተቀምጦ አየሁት። ይህ ነገር እንዲህ ሆኖ ዳኛ ፊት ይቀርባል? ልቤ አላርፍ አለኝ። ፒንሳና መዶሻ አነሣሁና ክንፎቹን አንድ በአንድ አቃናኋቸው። ከዚያም ብርማ ቀለም ቀባኋቸው። አቤት ሲያምር! ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ስታየው ፊቷ ልውጥ አለ።

«ምነው፣ አላማረም?» አልኋት።

«አምሯል ቲቸር» አለች፣ ክንፎቹን በጣቷ እየዳበሰች። ደስታው አስደንግጧት ነው ብዬ አሰብሁ፤ እኔ ሞኙ! ደብረ ማርቆስ ደርሰን የውድድሩ አዳራሽ በር ላይ ደግሞ አንዱን ክንፍ ይዛ ልታጎብጠው ስትል «ተይ እንጂ፣ ቀለሙ ይላጣል!» ብዬ ተቆጣኋት። እጇን ሰበሰበች።

ተራዋ ደረሰ። በአንድ እጇ ጤፉን ከላይ እያፈሰሰች በሌላው መዘውሩን ስታዞር፣ ንፋሱ እብቁንም ጤፉንም አንድ ላይ ጠርጎ የሰብሳቢው ዳኛ ጥቁር ኮት ላይ ደፋው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ጢሙን እያራገፈ «ይህን የሠራው ማነው?» አለ።

ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«እኔ ነኝ» አለች።

እኔም ዝም አልሁ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። አላለፈችም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማዝሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስቁነጠነጥ ቆየሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«ክንፎቹን ያጎበጥሻቸው አውቀሽ ነው እንዴ?»

«አዎ። ቀጥ ካሉ ንፋሱ ይበረታና ጤፉንም ይወስደዋል። ስንት ቀን ሞክሬ ነው የደረስሁበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህሁ። ገና አማኑኤል ከተማ እንኳ አልደረስንም። ሹፌሩ እያጉረመረመ ጥግ ያዘ፣ ረዳቱ በሩን ከፈተው።

«ተነሺ! ተመልሰን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ!» አልኋት።

ንቅንቅ አላለችም።

«አሁንስ ጠየቁኝ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየን ጀመር። ረዳቱ «ኧረ ፍጠኑ፣ መንገድ ላይ ነን!» እያለ በሩን ይደበድባል። አንድ እግሬ መሬት ላይ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ እንዳለ፣ ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍላጎቷን ጠየቅኋት።

«መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

አሰበች። የሰው ጩኸት ሳይገዳት ቀስ ብላ አሰበች።

«አልፈልግም» አለች። «እርስዎ ሄደው ይንገሯቸው። ማዝሪያዬን ግን ይስጡኝ።»

ሰጠኋትና ብቻዬን ወረድሁ።