የፀዲ ቁጥር

መምህር ፍቅረ ሥላሴ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ሰመራ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሲያስተምር ጠመኔውን ከእጅ እጅ ያቀያይራል፤ ሲወጣ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ታርጋ በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ ያካፍላል። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል፣ ብቸኛ ቁጥር የሚሉት ዓይነት ካጋጠመው ደስ ብሎት ይውላል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ የእሱ ግንድ ቁጥር ነው።

ትልቁ ግንድ የፀዲ ስልክ ነበር። ፀዲ አዋሽ ማዘጋጃ ቤት ፀሐፊ ናት። በተዋወቁ ሰሞን ቁጥሯን ስትሰጠው ከፊት ያለውን ዜሮ ትቶ በሁለት ሞከረው፣ በሦስት ሞከረው፤ እምቢ አለ። ይኼ ቁጥር ብቸኛ ሆኖ ከተገኘ ሽማግሌ እልካለሁ አላት። እሷም ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቀልድ አልነበረም። ብቸኝነቱን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ማካፈል አያስፈልግም፤ አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ከቁጥሩ ከበለጠ ከዚያ ወዲያ የሚፈለግ የለም። ለዘጠኝ አሃዝ ግን ያ ድንበር ከሠላሳ ሺህ በላይ ነው። እሱም በካልኩሌተር አንድ በአንድ ሲሞክር ሁለት ዓመት አለፈ። ኮምፒውተር በቅጽበት ይጨርሰዋል ሲሉት አንድ በአንድ ካልሆነ ምን ጣዕም አለው ይላል። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው። በአንዲት ክፍል ቤት፣ በዚህ ሙቀት፣ አምጥቻት ብትጠላኝስ እያለ ይብሰለሰላል። ቁጥሩ እስካላለቀ ደግሞ ማንም ቁርጥህን ተናገር አይለውም።

ፀዲ አለችው። ሐሙስ ዕለት ደውላ፣ እሑድ የሌላ ሰው ሽማግሎች ቤታችን ይመጣሉ፣ ከዚያ በፊት መጥተህ የምትለውን በል አለችው። ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገድ ላይ አዳይቱ የምትባለው ከተማ ሲደርሱ አንድ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። እሱ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። እጁ ሥራ ሲያጣ የቀሩትን ጥቂት አካፋዮች መሞከር ጀመረ። የመጨረሻውም እምቢ አለ።

ወዲያው ደወለላት።

"ፀዲዬ፣ አለቀ እኮ። ብቸኛ ነው።"



"ይኼን ለማወቅ እኔ ማካፈል አላስፈለገኝም፣ ፍቅሬ" አለችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼንን ስልክ ይዤ ብቻዬን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ዘጋችው።

ፀሐዩ አናቱን እየጠበሰው ቆመ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ከዚያ ቦርሳውን ከአውቶቡሱ አወረደ። ከተገለበጠው ተሳቢ ማዶ ወደ አዋሽ የሚመለስ መኪና አይጠፋም ብሎ፣ ተሰልፈው በቆሙት የጭነት መኪኖች ጎን እየሮጠ ሄደ። የአንዱንም ታርጋ አላነበበም።