ለእመቤቴ ያጨበጨብነው ድምፅ ተብሎ ተቆጠረብን

ዛሬ እዚሁ ከሚሴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ሳላውቀው ድምፅ ሰጥቼ መጣሁ።

ቅዳሴ አልቆ መዘምራኑ ሲዘምሩ እንደ ወትሯችን አጨበጨብን። መዝሙሩ እንዳበቃ የደብሩ አስተዳዳሪ ማይኩን ያዙና "አዲሱን ሰበካ ጉባኤ በጭብጨባ ስላጸደቃችሁልን እናመሰግናለን" አሉ።

የቱን ጉባኤ? የተመራጮቹ ስም እንኳ የተነበበው ከጭብጨባው በኋላ ነው!

ከቀድሞው ሰበካ ጉባኤ የወረዱት ሽማግሌዎች ጥፋታቸው አንድ ነው፤ "በቤተ ክርስቲያን ግቢ የካድሬ ስብሰባ አይደረግም፣ የአባቶች ሥርዓት ይከበር" ማለታቸው። ለዚህም "አክራሪ" ተባሉ።

እማማ ዘነበች ከሴቶች በኩል ብድግ አሉና "አባታችን፣ እኔ ያጨበጨብኩት ለእመቤቴ ነው፤ ጭብጨባዬ ይመለስልኝ!" አሉ።

"እናቴ፣ ሥርዓት ይያዙ!" ተባሉ። ሥርዓት ደግሞ ከማን አፍ!

ንዴቴ ሳይበርድ ለጎረቤቴ ለሐጂ ነገርኳቸው። እሳቸውም "ወላሂ፣ እኛም በኮሚቴ ጉዳይ ብዙ አይተናል፤ ተክቢራችንን ግን ድምፅ ብሎ የቆጠረብን የለም" አሉኝ።

እናንተ ጋስ እንዲህ ያለ ምርጫ ተደርጎ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ። ላይክ ግን እንዳታደርጉ፤ እሱንም ለአስተዳዳሪው ድጋፍ ብለው ይቆጥሩታል።