አለቆቹ በሙሉ ርዕስ የሆኑበት ገጽ

የመሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ የሚሠራው ሰውዬ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ስሙን ትተን «እሺ ጌታዬ» እንለዋለን፤ እንቢ ሲል የሰማው ሰው የለማ! ሥራውን ግን አሳምሮ ያውቃል። የርዕስ ደረጃ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው። «የገጹ ዋና ጉዳይ አንደኛ ደረጃ ርዕስ ይሆናል፤ በሥሩ ያሉት ክፍሎች ሁለተኛ፣ የእነሱ ዝርዝር ሦስተኛ። ፊደል ማተለቂያ እንዳይመስልሽ፤ ሰው የሚፈልገውን ቶሎ እንዲያገኝ ነው» ብሎኛል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ መጥተው ከኋላው ቆሙ።

«ይሄ ትልቁ ጽሑፍ ምንድን ነው?»

«የገጹ ርዕስ ነው ጌታዬ። ‹የስልክ ኦፕሬተር ቅጥር› ይላል።»

«የእኔ ስምስ?»

«ከታች አለ...»

«ከታች?!»

በቃ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የርዕስ ደረጃ በሹመት ሆነ። ሥራ አስኪያጁ አንደኛ፣ ምክትሎቹ ሁለተኛ፣ የክፍል ኃላፊዎች ሦስተኛ። የግዢ ኃላፊው «እኔ ከጋራዡ እኩል?» ብለው ሳምንት አኮረፉ። ቅጥሩ ሹመት ስለሌለው ግርጌ ላይ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። «ኧረ ተው፣ ነውር ነው!» ስለው፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለኝ። ብሽቅ አልኩ።

እሺ ጌታዬን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ዓይነ ስውር ናት። አሥራ ሁለት ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት የሠራችበት ድርጅት ተዘግቶ ቤት ከዋለች ቆይታለች። ቅጥሩን የነገራት እሱ ነው። «ላስመዝግብሽ» ቢላት ግን፣ «በዘመድ ገባች እንድባል? ራሴ እመዘገባለሁ» አለች። ስልኳ ገጹን ያነብላታል። እኛ በዓይናችን ወረድ ወረድ እንደምንለው፣ እሷ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለች ትሰማለች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጣች።

«ወንድምዬ፣ ምን በድዬህ ነው? ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጋራዡ ኃላፊ አለቆችህን አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ሥራው የት ጋ ነበር? አርብ ብደውል ብደውል ስልክህ ዝግ ነው።»

አርብ ሙሉ ቀን ስልኩን ዘግቶ የሥራ አስኪያጁን ፎቶ ሲያነሳ ነበር የዋለው። ካነሳቸው ሦስት ፎቶዎች አንዱን መርጠውለታል።

ፊቱ አመድ መሰለ። ማንንም ሳያስፈቅድ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠና የሥራ አስኪያጁን ስም አውርዶ ግርጌ አስገባው። ቅጥሩን አንደኛ ደረጃ አደረገ፤ የሚያስፈልጉ ማስረጃዎችንና የምዝገባ ማብቂያውን ሁለተኛ።

«በይ እትዬ፣ አሁን ሞክሪው» አላት።

ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረገች።

«ጎሽ፣ የኔ ጌታ! አሁንማ ወዲያው አገኘሁት» አለች። «ቅጥሩንም ነገረኝ፤ ‹የምዝገባ ማብቂያ፦ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት› ብሎም ጥርት አድርጎ ነገረኝ፤ ያለፈው አርብ።»