ብረቱ ከእነዚህ፣ ሸራው ከእነዚያ

ባለቤቴ አስቴር ያረፈችው ባለፈው ክረምት ነው። ሐዘን የማይገባበት ቤት የለም፤ እሱን ልጽፍላችሁ አይደለም። ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ በቀብሯ ቀን ደጃፌ ላይ ሸራ ሳይለብስ ቆሞ የዋለው የድንኳን ብረት ነው።

ጎሮ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ሰፈራችን ከየክልሉ የመጣ ሰው የሰፈረበት ነው፤ አንድ የሚያደርገን እድራችን ነበር። አገር ሲታመስ ወሬው እድራችንም ገባ። ስብሰባ ላይ አንዱ የሌላውን ብሔር አንስቶ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት እድር ሆንን። የትኞቹ ብሔሮች እንደሆኑ አልጽፍም፤ ከሁለቱም ደንበኛ አለኝ።

ንብረት ሲካፈሉ ድንኳኑ አስቸገረ። ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ብረቱን አንደኛው እድር፣ ሸራውን ሌላኛው ወሰደ። እውነቴን ነው። አንዱ ብቻውን እንዳይጠቀምበት ተብሎ ማንም የማይጠቀምበት ሆነ።

እኔ ከአንደኛው ወገን ነኝ፤ አስቴር ከሌላው ነበረች። ዕቃ ከሁለት አከፋፋይ መያዝ የለመድኩ ሰው ነኝና እኔ በብረቱ እድር፣ እሷ በሸራው እድር ተመዘገብን። ቤታችን በሁለት በኩል አለኝታ ያገኘ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ስታርፍ ልጃችን ሳራ ለሁለቱም ሰብሳቢዎች ደወለች። የእኛው ጋሽ ከበደ ወዲያው ሰው ልከው ብረቱን አስተከሉ። ሸራ ግን የለም። ዝናቡ ጀመረ። ለቀስተኛው ከሁለቱም ወገን መጥቶ ቤቱ ሞላ፤ የተረፈው አጥር ጥግ ቆሞ ይበሰብሳል።

ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ እንደማይወጣ አውቃለሁ። በነጠላ ጫማ እንዳለሁ የሸራው እድር ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ።

«አስቴር እህቴ ነበረች» አሉ እያለቀሱ። ውሸታቸውን አልነበረም።

«ሸራውን ይስጡኝ ጋሼ።»

«ሸራውማ መብቷ ነው። በእነሱ ብረት ላይ ግን አይወጣም፤ ኮሚቴው ወስኗል።»

«ታዲያ በምን ላይ ይውጣ? በእኔ ትከሻ?»

እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ባለፈው ከጋሽ ከበደ ጋር ቦሌ ሆቴል ገብታችሁ፣ አንድ ድርጅት ስለ አብሮ መኖር አሠልጥኗችሁ አልነበረም? ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ፎቶ ተነስታችኋል እኮ።»

«እሱ ሥልጠና ነው፤ ይሄ ንብረት ነው» አሉኝ። ቀጠል አድርገው ደግሞ «ለመሆኑ አንተ ራስህ ሸራ ትሸጥ የለም እንዴ? ከሱቅህ አታስመጣም?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሱቄ ውስጥ ሸራ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። እዚያ ድረስ የሄድኩት እሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አስቴር በሰው ለቅሶ ስንቴ እዚያ ድንኳን ሥር ወገቧን አስራ ስታስተናግድ ውላለች። እኔ የፈለግሁት የሚያውቋት ሰዎች ወጥተው እንዲዘረጉላት ነበር። ያንን ደግሞ ከየትኛውም አከፋፋይ አላገኝም።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ከደንበኛ ጋር ስከራከር የኖርኩ ሰው፣ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

«ተነስ፣ ተነስ፤ ኮሚቴውን ልሰብስብ» አሉ።

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ የቀብሩ ሰዓት ደረሰ።

አስከሬኑ ሲወጣ ሰዉ ባዶው ብረት ሥር ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ከላይ ጣሪያ እንዳለ ሁሉ ማንም ከብረቱ ውጪ አልቆመም። ጃንጥላ የያዘው ላልያዘው ያጋራል፤ እዚያ ላይ ወገን የጠየቀ ሰው አላየሁም። ቃሬዛውን ከፊት በግራና በቀኝ የተሸከሙት ጋሽ ከበደና ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ሁለቱም እኩል በስብሰዋል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ለቅሶው ሲያበቃ ብረቱን ነቅለው ወሰዱ። ሸራው እስከ ዛሬ እንደተጠቀለለ ነው።

ብጠላቸው ይቀለኝ ነበር። ሁለቱም ሱቄ እየመጡ ይጠይቁኛል፤ አንዳቸው ሲገቡ ሌላኛቸው ይወጣሉ። እኔም ሳቅ እላለሁ፤ ንግድ ነው። ማታ ስገባ ግን ቤቱ ይጨንቀኛል፤ አስቴርን ዝናብ ላይ ጥያት የመጣሁ ይመስለኛል።

ሰሞኑን ሳራ ሥራ ያዘች። በመጀመሪያ ደመወዟ እድር መግባት እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

«አባዬ፣ እኔ በየትኛው ልመዝገብ?» አለችኝ።

ገበያ ላይ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ የለም። ልጄን ግን ሻይ አፍይልኝ ብዬ ወደ ጓዳ ላክኋት።